ለድግሱ የሚገኝ ገንዘብ ለመዝገቡ ለምን ይታጣል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ስለ ቅርስ የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ፤ ሥራዬም እሱው ነው። ባሕር ዳር ተቀምጬ፣ በጣና ዙሪያ ካሉ ገዳማትና አድባራት ጋር ቅርስ እመዘግባለሁ፣ የድጋፍ ፕሮፖዛል እጽፋለሁ፣ ዝግጅት አስተባብራለሁ። ሦስቱም ሥራ አንድ ሰው ላይ የሚወድቀው በዘርፉ ብዙ ሰው ስለሌለ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ገንዘቡ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ።

በአጭሩ ልበለው። እኔ በቅርብ ባየኋቸው ፕሮጀክቶች ለጣና ቅርስ ተብሎ የመጣው ድጋፍ በብዛት ያለቀው በዝግጅት ቀን ላይ ነው። አዳራሽ፣ ባነር፣ ቲሸርት፣ አበል፣ ምሳ፣ ቪዲዮ ቀራጭ። ቅርሱን ለሚመዘግብ ሰው፣ ለመደርደሪያ፣ ለካሜራ፣ ለወረቀት ሲሆን ግን "በሁለተኛው ዙር ይታያል" ይባላል። ሁለተኛው ዙር አይመጣም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ነው የምለው። መጀመሪያ መዝገብ፣ ከዚያ ማስቀመጫ፣ ከዚያ ዝግጅት። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ የሚቀነሰው ዝግጅቱ ይሁን።

መዝገብ ሲባል ብዙ ሰው ቆጠራ ይመስለዋል። መስቀል 12፣ ከበሮ 4፣ ዳዊት 7 ተብሎ የሚጻፍ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ዕቃ ሲጠፋ ምንም አያደርግም። ከ12ቱ መስቀል አንዱ ወጥቶ በሌላ ቢተካ ቁጥሩ ያው 12 ነው፤ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘን ቅርሱ ግን ሄዷል ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። ለአንድ ቀን ዐውደ ርእይ ተብሎ ከሐይቁ ዳር ካለ ደብር ዕቃ በውሰት ወደ ከተማ መጣ። ደብሩንም ሆነ ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት በስም አልጠራም። ዕቃው ሲወጣ የተፈረመበት ወረቀት "የእጅ መስቀል፣ አንድ" ይላል። በቃ። ፎቶ የለውም፣ ልኩ አልተጻፈም። ዝግጅቱ አለቀ፣ መስቀሉ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ "መስቀሉ ተቀይሯል" የሚል ወሬ ተነሣ። ቄሰ ገበዙ አረጋዊ አባት ናቸው። ቁልፉ በእሳቸው እጅ ስለሆነ ጣት ሁሉ ወደ እሳቸው ተቀሰረ። ዕድሜ ልካቸውን ያገለገሉበት ደብር ውስጥ ሰው ቀና ብሎ ሊያያቸው አልፈለገም፣ እህል አልወርድ አላቸው። ያዳናቸው አንድ ዲያቆን ነው። ሕፃን ሳለ መስቀሉን ጥሎት እጀታው መሰንጠቁን፣ አንጥረኛ ዘንድ ተወስዶ መበየዱን ያስታውሳል። ሽማግሌዎች ባሉበት መስቀሉ ወጣ፣ በባትሪ ታየ፣ ጠባሳው እዚያው ከእጀታው በላይ አለ። ከጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ከሌላው ብረት ትንሽ ጠቆር ያለ ብየዳ ነው። ያ ጠባሳ መጀመሪያውኑ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ቢሆን፣ አጠገቡም አንድ ፎቶ ቢኖር፣ እኚያ አባት እንዲያ ያለ ስቃይ አይደርስባቸውም ነበር። ዲያቆኑ በዚያ ሰሞን ሌላ አገር ሄዶ ቢሆንስ?

ለዚህ የሚሆን ቅጽ አለ። ኦብጀክት አይዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካው የጌቲ ተቋም አነሣሽነት ሙዚየሞች፣ ፖሊስና ጉምሩክ ሁሉ እንዲግባቡበት ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ዛሬ በዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት በአይኮም ሥር ነው። የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ዕቃው ምንድነው፣ ከምን ተሠራ፣ ልኩ ስንት ነው፣ ምን ተጽፎበታል፣ ምን ተሥሎበታል፣ የመቼ ነው፣ ማን ሠራው፣ ልዩ ምልክቱስ? ይሄ የመጨረሻው ነው ዋናው። ስንጥቅ፣ ብየዳ፣ የተነቀለ ፈርጥ፣ የሰም ጠብታ፣ አይጥ የበላው ጠርዝ። ሌባ ዕቃውን ሊያጥበው፣ ሊቀባው ይችላል፤ ጠባሳውን ግን ማጥፋት ይቸግረዋል። አንድ ገጽ ቅጽ፣ ማስመሪያ አጠገቡ ተቀምጦ የተነሣ ፎቶ፣ አለቀ።

መረጃ ምን እንደሚሠራ በአገራችን አይተናል። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ወደ አውሮፓ ሄደ። የተመለሰው በ1993 ነው። የማን እንደሆነ የማይታወቅ መስቀል አልነበረም፤ መልኩ ይታወቃል፣ ፎቶው አለ፣ የሚጠራበት ስም አለው። በ2012 ዓ.ም. ከኔዘርላንድስ የተመለሰው የጨለቆት ሥላሴ ዘውድም የማን እንደሆነ ለማስረዳት ከረዱት ነገሮች አንዱ ከመጥፋቱ በፊት የተነሣ ፎቶ ነው። ፎቶ የሌለው፣ ያልተለካ፣ ማንም ያልጻፈው ቅርስ ውጭ አገር ጨረታ ላይ ቢወጣ የኛ ነው ብለን ምን ይዘን እንቆማለን? በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ መመዝገብ እንዳለበት ይናገራል። ሕጉ ከወጣ ቆየ። የጎደለው የሚመዘግብ ሰውና የሚከፈለው ደመወዝ ነው።

አንዳንድ አባቶች መዝገብ ሲባል የሚሰጉት በደንብ ይገባኛል። "ጻፋችሁ፣ ፎቶ አነሣችሁ፣ ነገ ሌባ ይዛችሁብን ትመጣላችሁ" ይላሉ። ስጋቱ መሠረት አለው፣ ሊከበርም ይገባል። ስለዚህ ዋናው መዝገብ እዚያው ገዳሙ ይቀመጣል፣ ዕቃው የት ሣጥን ውስጥ እንዳለ የሚናገረው ገጽ ለብቻው ይያዛል፣ ፎቶዎቹ ፌስቡክ ላይ አይወጡም። ደግሞም ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። የድሮ አባቶች የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት ዝርዝር የሚጽፉት ወንጌሉ ላይ ነበር። ስንት ጽና፣ ስንት መስቀል፣ ማን ሰጠው፣ መሬቱን ማን ለገሰ። ወንጌል ላይ የጻፉት ማንም ደፍሮ እንዳይፍቀው ነው። ይህን ለአባቶች ሳነሣላቸው ብዙዎቹ ራሳቸው ወንጌሉን አውጥተው ያሳዩኛል፣ ከዚያ በኋላ ሥራው ይቀላል።

አንድ ዳዊት እንዴት እንደሚመዘገብ ላሳያችሁ። ጠረጴዛው ይወለወላል፣ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል። እጅ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ሰው ጓንት ይጠብቃል፤ ለብራና ግን ንጹሕና ደረቅ እጅ ይሻላል፣ የጨርቅ ጓንት የቅጠሉን፣ ማለት የገጹን፣ ጠርዝ ይዞ ይቀድዳል። መጽሐፉ ከቆዳ መያዣው ከማኅደሩ ይወጣል፤ ማኅደሩም ራሱን የቻለ ዕቃ ነው፣ ቆዳው፣ ማንጠልጠያው፣ ስፌቱ ይጻፋል። ቁመት፣ ወርድ፣ ውፍረት ይለካል። ገበታው፣ የሽፋኑ እንጨት፣ የዋንዛ ነው? ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል? ቅጠሉ ስንት ነው፣ ጥራዙስ፣ መሀል ላይ የተቆረጠ አለ? የሰም ጠብታ የት ገጽ ላይ ነው? ቁጥር ሲሰጠው በእስክሪብቶ ብራናው ላይ አይጻፍም። ቁጥሩ ካርድ ላይ በእርሳስ ተጽፎ በጥጥ ክር ይታሠራል። ብረት መስቀል ከሆነ ደግሞ በማይታይ በኩል ፓራሎይድ ቢ 72 የሚባል ሙጫ በስሱ ይቀባል፣ ሲደርቅ ቁጥሩ በላዩ ይጻፋል፣ እንደገና ይቀባል። ሲፈለግ ቁጥሩ ሙጫውን በሚያሟሟው አሴቶን በሚባል ፈሳሽ ይለቃል፣ መስቀሉ ላይ ምንም ምልክት አይተውም።

ከዚያ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቅጠል ይታያል። ችኩል ሰው ባዶ ገጽ ነው ብሎ የሚዘለው እሱን ነው። እዚያ ላይ የመሬት ሽያጭ፣ የኑዛዜ፣ የዕርቅ፣ የስጦታ ማስታወሻ ይገኛል። የምስክሮች ስም ተደርድሮ። የመንደሩ ታሪክ ያለው እዚያ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ገጽ ስናነብ አጠገባችን ቆመው የሚያዩ አንድ ሽማግሌ የቅም አያታቸውን ስም ከምስክሮቹ መሀል ሰሙ። "ድገሚልኝ" አሉ። ደገምኩላቸው። ሰው ጠርተው መጡ፣ በዚያ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተሰበሰበው ሰው ባነር ሰቅለን ከምንሰበስበው ይበልጥ ነበር። ዝግጅት ማለት ለኔ ይሄ ነው፣ ከመዝገቡ የሚወጣ።

ስለ ሰው ልናገር። እኔ ሴት ነኝ። ከጣና ደሴት ገዳማት ክብራን ገብርኤል አልገባም፣ ዳጋ እስጢፋኖስም አልገባም፣ ሥርዓቱ ነው፣ አከብረዋለሁ። ክብራን በጥንታዊ ብራናዎቹ የታወቀ ነው፤ በዳጋ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም አርፏል። እንዲህ ያለውን ቦታ ከከተማ የሄደ ባለሙያ፣ ወንድም ቢሆን፣ ሁለት ቀን ውሎ ፎቶ አንሥቶ በመመለስ አይመዘግበውም። መዝጋቢው እዚያው የሚኖር መነኩሴ ወይም ዲያቆን መሆን አለበት። እኔ በዚህ መንገድ ሠርቼ አይቻለሁ። ሥልጠናው ባሕር ዳር ወይም ሴት የሚገባበት ቦታ ይሰጣል፣ ልምምዱ በቀላል ዕቃ ይጀመራል፣ ከዚያ ወጣቶቹ ካሜራና ቅጽ ይዘው ይመለሳሉ። የጻፉት ከኔ ይሻላል። ግእዙን ያውቁታል፣ የትኛው መስቀል በየትኛው በዓል እንደሚወጣ ያውቃሉ፣ ማንን ጠይቀው እንደሚነኩ ያውቃሉ። ግን ለጋሹ ዘንድ ሲደርስ ለእነዚህ ልጆች ወርሃዊ ክፍያ የሚሆን የበጀት መደብ አይገኝም። ለአሠልጣኝ አለ፣ ለአዳራሽ አለ። ሠልጥኖ ሥራውን ለሚሠራው የለም። ቢበዛ የሥልጠናው ቀን አበል ይሰጠውና የምስክር ወረቀት ይዞ ይሄዳል።

ማስቀመጫው ላይም እንዲሁ ነው። ጣና ዳር እርጥበት አለ፣ ብራና ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ ሲደጋገም ይጣመማል፣ ቀለሙም ይረግፋል። የሚጎዳው መፈራረቁ ነው። በተለምዶ መጻሕፍቱ በማኅደር ሆነው ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ ነበር። አየር ያገኛሉ፣ ከመሬት እርጥበት፣ ከምስጥና ከአይጥ ይርቃሉ። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው አሁን መጥቶ የሚመክረውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እኛ ግን "ዘመናዊ ሙዚየም" ብለን በብሎኬት አራት ግድግዳ እናቆማለን፣ ጣሪያውን ቆርቆሮ እናለብሳለን፣ በመስታወት ሣጥን ዘግተን መስኮት ፊት እናስቀምጠዋለን። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ መስታወቱ ውስጥ ላብ ይይዛል። ለብራናና ለጨርቅ የሚመከረው ብርሃን በብርሃን መለኪያው 50 ሉክስ አካባቢ ነው፣ ደብዘዝ ያለ ክፍል ማለት ነው። መስኮት ፊት የተቀመጠ ብራና የሚያገኘው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሕንፃው ተመርቆ ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ ያምራል። ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ መጥቶ ያን መጽሐፍ የሚያየው ግን ማነው?

ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ ከውጭ ግድግዳ ራቅ ብሎ የቆመ፣ የታጠበ፣ ቀለም ያልተነከረ አቡጀዲ፣ እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ፣ በየወሩ ብልና ምስጥ መኖሩን የሚያይ ሰው። ኢክሮም የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ እንክብካቤ ማዕከል ሪኦርግ የሚል አሠራር አለው፤ ገንዘብ የሌላቸው ትናንሽ ሙዚየሞች ዕቃ ቤታቸውን በራሳቸው አቅም እንዲያስተካክሉ የተዘጋጀ ነው። ሁሉም ነገር ቦታ ይኑረው፣ ቦታው ይጻፍ፣ አንዱን ለማውጣት ሌላውን ማንሣት አይኑር። ይሄን ለመሥራት አማካሪ ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ለጋሾቹ ልምጣ። ክፋት አለባቸው አልልም። ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፣ ሥራውንም ይወዳሉ። ችግሩ ውጤት የሚለካበት መንገድ ነው። ሪፖርቱ ላይ "ስንት ሰው ተሳተፈ፣ ስንቱ ሴት፣ ስንቱ ወጣት" ተብሎ ይጠየቃል። ዝግጅት ይሄን በአንድ ቀን ይሞላል። "ስንት ቅርስ በሙሉ ቅጽና ፎቶ ተመዘገበ፣ ከዓመት በኋላስ ያለበት ሁኔታ ታይቷል?" ብሎ የጠየቀኝ ለጋሽ ግን በጣም ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ መደርደሪያ፣ ካሜራና ለሁለት ወጣቶች የዓመት ክፍያ ብለን ጠየቅን፣ ትንሽ የመክፈቻ ዝግጅትም አከልንበት። የመክፈቻው ገንዘብ ተፈቀደ፣ እንዲያውም "ታዳሚው ይስፋ" ተባለ። መደርደሪያው "መሣሪያ ግዢ" ነው፣ ክፍያው "የአስተዳደር ወጪ" ነው ተብሎ ወጣ። ለቅርስ ሥራ ዋናው ወጪ ሰው ነው። መዝጋቢው የአስተዳደር ወጪ ከተባለ ፕሮጀክቱ ምንድነው?

ሌላም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ከዚያ በፊት በብር የተጻፈ በጀት ዋጋው ወርዷል። ከውጭ የሚገባው ሁሉ፣ ካሜራው፣ አሲድ የሌለው ወረቀቱ፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ተወደደ። በዚህ ጊዜ በጀቱ ይከለስ ሲባል አሁንም መጀመሪያ የሚሰረዘው ዕቃው ነው፣ አዳራሹ ቀድሞ ተይዟላ። ደረሰኝም ሌላ ራስ ምታት ነው። ደሴት ላይ እንጨት የሚያቀርብ ገበሬ፣ ጀልባ የሚያከራይ ጎረቤት የማሽን ደረሰኝ የለውም። ሆቴል ግን አለው። ስለዚህ ለኦዲት የሚመቸው ሆቴል ውስጥ የወጣ ገንዘብ ነው፣ ገዳሙ ውስጥ የወጣው ጥያቄ ያስነሣል። ይህን ለጋሾች በምስክር የተፈረመ የግዢ ወረቀት ተቀብለው ቢያቃልሉት ብዙ ነገር ይስተካከላል።

የቅጂ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ ተመራማሪ የጣናን ብራናዎች በማይክሮፊልም አንሥቷል፣ ካታሎጉም ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ቀድቷል፣ ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታም አለ። ትልቅ ሥራ ነው፣ የሠሩትን እናመሰግናለን። ለገዳሙ ግን ምን ደረሰው? የብሪቲሽ ላይብረሪው የአደጋ ላይ ያሉ መዛግብት ፕሮግራም ዋናው ጽሑፍ ከአገር እንዳይወጣ፣ ቅጂም በአገሩ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ጥሩ ነው። እኔ አንድ እጨምርበታለሁ። ቅጂው አዲስ አበባ ብቻ አይቅር፣ ታትሞና ተጠርዞ መጽሐፉ ያለበት ደብር ይድረስ። ጎብኚ ሲመጣ ቅጂው ይገለጥለት፣ ዋናው ይረፍ። አሁን አባቶች በእንግዳ ፊት የዘመናት ብራና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚገልጡ ያየ ያውቀዋል።

ዝግጅት አትሥሩ እያልኩ አይደለም። ግን ሲሠራ በሕዝቡ ቀን ይሁን። የለጋሹ የበጀት ዓመት ሊዘጋ ሲል ተጣድፎ የሚጠራ ዝግጅት ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ወይም ክረምት ላይ ይወድቃል። በዐቢይ ጾም ቅዳሴው ከሰዓት ነው፣ አባቶችን ጠዋት ለስብሰባ መጥራት አይሆንም። ረቡዕና ዓርብ ክትፎ ያለበት ምሳ የተሰናዳበት የቅርስ ዝግጅት አይቻለሁ፣ አባቶች ውኃ ጠጥተው ተመለሱ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ከተጠራ ደግሞ ሙስሊም ወገኖቻችን ጁምዓ ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ነው። ሐይቁም የራሱ ሰዓት አለው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉ ይከብዳል፤ ከዘጌም ከደቅም የሚመጣ ሰው በጠዋት ተነሥቶ ቀኑ ሳይመሽ መመለስ አለበት። ፕሮግራሙ በሦስት ሰዓት ይጀመራል ተብሎ የክብር እንግዳ እስኪመጣ አምስት ሰዓት ከሆነ፣ ጀልባ ላይ ያለውን ሰው ሕይወት ነው የምንነካው።

ይልቅ ሰው ራሱ የሚሰበሰብበት ቀን አለ። ለዑራ ኪዳነ ምሕረት የካቲት 16፣ ለናርጋ ሥላሴ ጥር 7፣ ለዳጋ ጥቅምት 17፣ ለክብራን ታኅሣሥ 19። ከጥምቀት ወዲህ ያለው ጥር ባሕር ዳር ውስጥ በዓል በበዓል ነው። የአዳራሽ ኪራይ አያስፈልግም፣ የጥሪ ወረቀት አያስፈልግም። በበዓሉ ማግስት፣ ደብሩ ፈቅዶ፣ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቶ "በዚህ ዓመት የተመዘገበው ይህ ነው፣ ይህ መጽሐፍ ላይ የነዚህ ሰዎች ስም አለ" ቢባል ሕዝቡ ያዳምጣል። ምግቡን የሚያዘጋጁት የደብሩ እናቶች ይሁኑ፣ ይከፈላቸው። የሆቴሉ ገንዘብ ለእነሱ ይሂድ።

ታንኳ በመሥራት ስለሚታወቀው የጣና ዳር የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሳልናገር አላልፍም። ዝግጅት በተባለ ቁጥር ታንኳ ይፈለጋል። መድረክ ዳር ይቆማል፣ ፎቶ ይነሣበታል። የሠራው ሰው ግን ስሙ አይጠራም፣ ሒሳቡም የታንኳው ዋጋ ብቻ ነው። ታንኳ ደግሞ ሙዚየም አስቀምጠው የሚኖር ዕቃ አይደለም። ደንገል ከሚባል የውኃ ዳር ተክል የተሠራ ነው፣ ውኃ ይጠጣል፣ ይበሰብሳል፣ ቶሎ ቶሎ በአዲስ ይተካል። የሚጠበቀው ዕውቀቱ ነው። ደንገሉ መቼ ይቆረጣል፣ ምን ያህል ይደርቃል፣ እንዴት ይታሠራል፣ አፍንጫው እንዴት ቀና ይላል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣበት ራ የተባለው ጀልባ የተሠራው ከጣና በተቆረጠ ደንገል ነበር። ዛሬ ደንገሉ ራሱ እየሳሳ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭም ዳርቻውን አስጨንቆታል። ስለዚህ መዝጋቢ ከአንድ ባለሙያ ጋር ከቆረጣው እስከ ውኃው ድረስ ተቀምጦ በቪዲዮና በጽሑፍ ይያዘው፣ ባለሙያው ለዕውቀቱ እንደ አሠልጣኝ ይከፈለው፣ ቅጂው ልጆቹ ዘንድ ይሁን። አንድ የአዳራሽ ቀን የሚፈጀው ገንዘብ ለዚህ ይበቃል።

ይህን ሁሉ አሁን የምጽፈው ጊዜው ስለሚያስገድድ ነው። መንገድ በተዘጋበት፣ ሰው እንደልቡ በማይንቀሳቀስበት ጊዜ ቅርስ ይጠፋል፣ ይሰደዳል፣ ይሸጣል። መዝጋቢ ከከተማ ተነሥቶ መድረስ በማይችልበት ቦታ ሁሉ፣ እዚያው ያለ የሠለጠነ ዲያቆንና አንድ ካሜራ ያስፈልጋሉ።

ከጋዜጣችሁ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የቅርስ ዝግጅት ለመዘገብ ስትሄዱ ከንግግሩ በኋላ አዘጋጁን ጠይቁልን። በዚህ ገንዘብ ስንት ቅርስ ተመዘገበ? ቅጂው የት ተቀመጠ? መዝጋቢው እስከ መቼ ይከፈለዋል? መልሱንም ከዜናው ጋር አትሙት።

ቅጹን የሚፈልግ ደብር፣ ገዳም፣ መስጊድ ወይም የቤተሰብ ቅርስ ያለው ሰው ካለ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ይጠይቀኝ። በአማርኛ አዘጋጅቼዋለሁ። አንድ ገጽ ነው፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ይባዛል፣ በስልክ ካሜራም ይሠራበታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሙዚየም ስብስብ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር